ለመምህር የሚሆን የስክሪንሹት መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይባላል። እኛ ዕጩ መምህራን ደግሞ ምሳሌው በዓይን ሲታይ ትምህርቱ በተማሪው ልቡና ይበልጥ እንደሚቀረጽ ከመጀመሪያው የማስተማር ዘዴ ትምህርት ጀምሮ ሲነገረን ቆይቷል። በየትምህርት ቤቱ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተሥሎ የምናየው ካርታ፣ የሰውነት ክፍሎችና የማባዛት ሠንጠረዥ የዚህ ምስክር ነው። ዛሬ በዚህ ላይ አንድ ሌላ መንገድ ተጨምሯል። ይኸውም በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታየውን ነገር እንዳለ ቀርጾ፣ ቀስትና ቁጥር ጨምሮበት፣ አትሞ ለተማሪ ማደል ነው። ይህ ስክሪንሹት ይባላል።

«ስክሪንሹትማ ማን ያጣዋል? ቁልፉን ጫን ማድረግ አይደል እንዴ!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ማንሳቱ ቀላል ነው። ነገር ግን የምናነሳው ነገር ምን ምን እንደያዘ፣ መሣሪያው ያነሳነውን የት እንደሚያደርሰው፣ ነገ በምንመደብበት የገጠር ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይም ይሠራ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። እኔም ያሰብኩት ከጥፋት በኋላ ነው።

ጥፋቱ እንዲህ ነበር። ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት የተማሪ አማካይ ውጤት በኮምፒውተር እንዴት እንደሚሰላ ለጓደኞቼ ላሳይ ብዬ ሙሉውን ስክሪን አነሳሁና በቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅሁት። ለእኔ የታየኝ ቀመሩ ብቻ ነበር። ከቀመሩ በላይ ግን የአንድ ክፍል ሮስተር ከነስሙ፣ ከነውጤቱና ከነደረጃው ተዘርግቶ ኖሯል። ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ አለፈና በማግስቱ ክፍሉ ሁሉ ያወራው ጀመር። ከሁሉ መጨረሻ የወጣችው ልጅ ሁለት ቀን ከትምህርት ቀረች። ቤቷ ሄጄ እናቷን ይቅርታ ስጠይቅ «ልጄ፣ ውጤቱንስ እኛም እናውቀዋለን፤ አገር ማወቁ ነው የከፋው» አሉኝ። ከግሩፑ አጠፋሁት፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ነፃና ክፍት ምንጭ ከሆኑት የስክሪንሹት መሣሪያዎች መካከል ለመምህር የሚሆነውን እንዴት እንደምንመርጥ፣ ከመረጥንም በኋላ እንዴት በጥንቃቄ እንደምንሠራበት ለመወያየት ነው።

1ኛ/ ስክሪንሹት ምንድን ነው?

የኮምፒውተር ስክሪን እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ነጠብጣቦች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ፒክስል ይባላል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው ስክሪን ወደ ጎን 1366፣ ወደ ታች 768 ፒክስል አለው። ሁለቱን ብናባዛ 1,049,088 ይሆናል። ስክሪንሹት ማለት የእነዚህን ሁሉ ነጠብጣቦች ቀለም በአንድ ቅጽበት መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። ለእያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ቢያዝ ጠቅላላው 3 ሜጋባይት ያህል ይመጣል። ስለሆነም ሥዕሉ ሲቀመጥ ይጨመቃል። ጽሑፍ ላለበት ሥዕል ፒኤንጂ የሚባለውን ዓይነት መምረጥ ይሻላል፤ ሲጨምቅ ከሥዕሉ ምንም አይጥልም። ጄፔግ ለፎቶግራፍ ጥሩ ነው፤ የፊደሎችን ጠርዝ ግን ያደበዝዛል። የእኛ ፊደል ደግሞ በትንሽ ቅጥያ የሚለያይ ስለሆነ «ሰ»ንና «ሱ»ን ለመለየት ጠርዙ መጥራት አለበት።

በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ያለው ፕሪንት ስክሪን የሚባለው ቁልፍ ስሙን ያገኘው ከጥንቱ ሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የአይቢኤም ፒሲ ላይ የስክሪኑን ጽሑፍ በቀጥታ ወደ ማተሚያው ይልክ ነበር። በዊንዶውስ ግን በአብዛኛው ሥዕሉን ክሊፕቦርድ በሚባለው ጊዜያዊ ማኖሪያ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ እንለጥፈዋለን። አልት ከሚባለው ቁልፍ ጋር ሲጫን የተከፈተውን መስኮት ብቻ ይወስዳል።

2ኛ/ «ነፃ» እና «ክፍት ምንጭ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን «ነፃ» ሲባል የሚታየን ያለ ዋጋ ማግኘት ነው። ነገሩ ከዚህ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ ግኑ የተባለውን ሥራ ሲያስታውቅ ዓላማው ተጠቃሚው ነፃነት ያለው ሶፍትዌር እንዲኖር ነበር። ነፃነቶቹ አራት ናቸው፦

ሀ/ ፕሮግራሙን ለፈለጉት ሥራ ማዋል፤
ለ/ እንዴት እንደሚሠራ ምንጩን ከፍቶ ማጥናትና ማሻሻል፤
ሐ/ ገልብጦ ለሌላ ሰው መስጠት፤
መ/ ያሻሻሉትንም ማከፋፈል።

«ክፍት ምንጭ» የሚለው መጠሪያ በስፋት የተሠራበት ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። ምንጭ የተባለው ፕሮግራመሩ የጻፈው ትእዛዝ ነው። ምንጩ ክፍት ሲሆን የሚያውቅ ሁሉ ሊመረምረው ይችላል። በዚህ ዓይነት ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት እየጨመረ የሚሠራው ሥራ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ነው።

ለእኛ ለመምህራን ከአራቱ ውስጥ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ሦስተኛው ነው። ዋጋ ያለውን ፕሮግራም ቁልፉን ሰብሮ መጫን አንደኛ ሕግ መጣስ ነው፤ ሁለተኛ ቁልፉን የሰበረው ሰው ከውስጡ ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ክፍት ምንጭ የሆነውን ግን በፍላሽ ገልብጬ ለባልደረባዬ ብሰጥ የተፈቀደ ነገር ነው። ተማሪን «አትስረቅ» ብሎ የሚያስተምር መምህር በኮምፒውተሩ ላይም ይህንኑ ቢያደርግ ያምርበታል።

3ኛ/ ከመምረጣችን በፊት የምንጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይሠራል ወይ? ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በአካባቢያችን በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። በሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች የምንመደብ ሰዎች አዲስ ኮምፒውተር ይጠብቀናል ብለን አንጓጓ። ምናልባት አንድ ብቻ፣ እሱም በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የዊንዶውሱ ስንተኛነት ይታይ። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2020፣ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 2025 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአምራቹ መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ መሣሪያ በዚያ ጊዜ ባዶ ነው። ሳይጫን ከፍላሽ ላይ የሚነሳ ዓይነት ካለው ደግሞ የበለጠ ይመረጣል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ያነሳነውን የት ያደርሰዋል? አንዳንዱ መሣሪያ ሥዕሉን በኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ያስቀምጣል። አንዳንዱ ወደ ኢንተርኔት የሚልክ ቁልፍ አለው፤ እጅ ከሳተ የተማሪ ስም አገር ዞረ ማለት ነው።

አራተኛው ጥያቄ፦ ለትምህርት መርጃ የሚያስፈልገውን ይሠራል ወይ? ይኸውም ቀስት፣ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ በሙሉ የተሞላ ሣጥን፣ ከሁሉም በላይ የአማርኛ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ዛሬ ፊደላችን በአብዛኛው ይታያል። ሆኖም በጽሑፍ ሣጥኑ ውስጥ «ሀብሩ፣ መርሳ፣ ወልድያ» ብላችሁ ጻፉና ሞክሩት። ፊደሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ከመጣ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉት የግዕዝ ፎንቶች በነፃ የሚገኙ ስለሆነ አንዱን ጭናችሁ እንደገና ሞክሩ።

አምስተኛው ጥያቄ፦ ተንከባካቢ አለው ወይ? ጉድለት ሲገኝበት የሚያርመው ሰው ከሌለ የትናንቱ ጥሩ መሣሪያ ዛሬ ለሌባ በር ይሆናል።

4ኛ/ መሣሪያዎቹ በየተራ

ግሪንሾት፦ ለዊንዶውስ የተሠራ፣ በጂፒኤል ፈቃድ የወጣ ነው። ፕሪንት ስክሪንን ስንጫን የመስቀል ምልክት ይመጣል፤ የምንፈልገውን ቦታ ብቻ ከልለን እንወስዳለን። ከዚያ «በማረሚያው ይከፈት ወይስ ይቀመጥ?» ብሎ ይጠይቃል። በማረሚያው ውስጥ ቀስት፣ ተራ ቁጥርና ሣጥን አለ። ለጀማሪ የሚቀለው ይህ ነው። ጉድለቱንም እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 1.2.10 እትም በኋላ ለብዙ ዓመታት አዲስ የተረጋጋ እትም አልወጣለትም ነበር፤ በ2023 በዚያው እትም ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። በ2025 ሌላ ተገኝቶ በ1.3.301 እትም ታረመ። ስለዚህ በየሰው ፍላሽ የሚዞረውን አሮጌውን ትታችሁ አዲሱን ያዙ። ስትጭኑትም ወደ ኢንተርኔት ሥዕል የሚልከውን ተጨማሪ ክፍል አትምረጡት።

ሼርኤክስ፦ ይህም ለዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ፣ ማስታወቂያ የሌለበት፣ ብዙ ነገር የሚችል ነው። ረጅም ገጽ ወደ ታች እያንሸራተተ ያነሳል፤ የስክሪኑን እንቅስቃሴም ይቀርጻል። ከፍላሽ የሚሠራ ዓይነትም አለው። ችግሩ ብዛቱ ነው፤ ጀማሪ በቅንብሩ ውስጥ ይጠፋል። ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው ማጋራት አንዱ ዓላማው ነው። ስለሆነም በመጀመሪያው ቀን «ካነሳ በኋላ ምን ያድርግ?» የሚለውን ዝርዝር ከፍታችሁ ወደ ኢንተርኔት መላክ የሚለው ምልክት የተደረገበት ከሆነ አንሱት። አዲሶቹ እትሞች ዊንዶውስ 10ንና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ።

ፍሌምሾት፦ በዋናነት ለሊኑክስ የተሠራ ሲሆን ለዊንዶውስና ለማክም አለ። ከልለን ሳንለቅ እዚያው ስክሪኑ ላይ ቀስትና ቁጥር እናስገባለን፤ ፈጣን ነው። ወደ ኢንተርኔት የሚልክ ምልክት ከሌሎቹ ጎን ስላለው ጣታችን እንዳይስት።

ኬስኒፕ፦ በሊኑክስም በዊንዶውስም በማክም ይሠራል፤ በአንዱ የለመደ ሰው በሌላው አይቸገርም።

በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው፦ ኡቡንቱ 22.04ና ከዚያ በኋላ የወጡትን የሚጠቀም ሰው ምንም መጫን ሳያስፈልገው ፕሪንት ስክሪንን ቢጫን ራሱ ክፍት ምንጭ የሆነ ማንሻ ይመጣለታል፤ ተራ ቁጥርና ቀስት መጨመሪያ ግን የለውም። ፋየርፎክስም በገጹ ላይ በቀኝ ጠቅ ሲደረግ ሙሉውን ገጽ እስከ ታች የሚያነሳበት አለው። ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት ወልድያ ላይ ያነሳነውን ገጽ ገጠር ወስደን ለማንበብ ይጠቅማል።

በእኔ ግምት ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ባለበት ለክፍል መምህር አዲሱ ግሪንሾት ይበቃዋል። የኮምፒውተር ትምህርት የሚያስተምር፣ ቅንብር የማይፈራ ሰው ሼርኤክስን ይያዝ። ሊኑክስ ያለው ፍሌምሾትን ይሞክር፤ በሁለቱም የሚሠራ ደግሞ ኬስኒፕን። በጣም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ግን መታገል አያስፈልግም፤ ፕሪንት ስክሪንና አብሮ የመጣው ቀለም መቀቢያ ሥራውን ይሠራሉ። ብዙ የሚችል መሣሪያ ሁሉ ለእኛ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ሥዕሉን በእጃችን የሚያቆይልን፣ የምናውቀውና የምንቆጣጠረው ይበልጣል።

5ኛ/ መሸፈን እንዴት ነው?

አሁን ወደ ሮስተሩ ነገር እንመለስ። «ስሙን አደብዝዤ ብለቀውስ?» ትሉ ይሆናል። ማደብዘዝ አይታመንም። በፒክስል የተበታተነ ጽሑፍ ተመልሶ ሊነበብ እንደሚችል የሚያሳይ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ለሁሉም ይፋ ሆኗል። ስለዚህ በጥቁር በተሞላ ሣጥን ይሸፈን፤ ከዚያ ፒኤንጂ ሆኖ ይቀመጥ።

«ቆርጬ ባወጣውስ?» ይህም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጋቢት 2023 (እ.ኤ.አ.) በጎግል ፒክስል ስልኮችና በዊንዶውስ ማንሻዎች ላይ አንድ ጉድለት ተገለጸ። ሰው ሥዕሉን ቆርጦ በዚያው ፋይል ላይ ሲያስቀምጥ የተቆረጠው ክፍል ከፋይሉ ጭራ ሳይጠፋ ይቀር ነበር፤ የሚያውቅ ሰው መልሶ ሊያየው ይችላል። ጉድለቱ ወዲያው ቢታረምም ከዚያ በፊት የተላኩት ሥዕሎች ተልከዋል። እንግዲህ ጉድለት በሀብታም ኩባንያ ሥራም፣ በክፍት ምንጭም ላይ ይገኛል፤ ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም። እንዲሁም በወርድ ወይም በሊብሬኦፊስ ጽሑፍ ውስጥ ያስገባነውን ሥዕል እዚያው ብንቆርጠው ወይም ሣጥን ብንጭንበት ዋናው ከሥር ይኖራል። መሸፈን ያለበት ወደ ጽሑፉ ከመግባቱ በፊት ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው አለማንሳት ነው። ለማስተማሪያ «ተማሪ ሀ፣ ተማሪ ለ» የሚል የውሸት ሮስተር አዘጋጅቶ በእሱ ላይ መሥራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያን አምስት ደቂቃ ቆጥቤ ነው ልጅቷን ሁለት ቀን ያስቀረኋት። ነገሩ የጨዋነት ብቻም አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን የግል መረጃ መጠበቅ በአገራችን ራሱን የቻለ ሕግ ያለው ጉዳይ ሆኗል።

6ኛ/ የመለማመጃ ትምህርት

ለአካባቢ ትምህርት የሚሆን አንድ መርጃ አብረን እንሥራ።

ሀ/ ኢንተርኔት ባለበት ኦፕንስትሪትማፕን ክፈቱ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ክፍት ካርታ ነው። ገልብጦ መጠቀም የተፈቀደ ነው፤ የካርታውን ምንጭ መጥቀስ ግን ግዴታ ነው።

ለ/ ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ እስከ ውርጌሳ ድረስ በአንድ ስክሪን እንዲታይ አድርጉ።

ሐ/ ካርታውን ብቻ ከልላችሁ አንሱ። ከላይ የተከፈቱት ገጾች ስም፣ ከታች የመጣ የቴሌግራም መልእክት አብሮ አይግባ።

መ/ በተራ ቁጥር 1 ወልድያን፣ 2 ስሪንቃን፣ 3 መርሳን፣ 4 ውርጌሳን ምልክት አድርጉ። ስሞቹን ከካርታው ላይ በነጭ በተሞላ ሣጥን ሸፍኑና ተማሪዎች ራሳቸው ይጻፉት።

ሠ/ ፎቶ ኮፒው ጥቁርና ነጭ መሆኑን አትርሱ። በስክሪን ላይ የሚያምረው ቀይ ቀስት ሲባዛ ግራጫ ሆኖ ይጠፋል። ወፍራም ጥቁር መስመርና ቁጥር ተጠቀሙ።

ረ/ ከሥር በትንሽ ፊደል «ካርታው ከኦፕንስትሪትማፕ ተሳታፊዎች» ብላችሁ ጻፉና በፒኤንጂ አስቀምጡ።

አንድ ገጽ ላይ አራቱን አድርጎ ማተም ይቻላል። መቁረጥ ብቻ ነው፤ የወረቀቱ ወጪ በአራት ይቀንሳል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በምትለማመዱበት ትምህርት ቤት ያለው ኮምፒውተር የትኛውን ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ይጠቀማል? ለእሱ የትኛው መሣሪያ ይስማማል? ለምን?
2. «ዋጋ የሌለው» እና «ነፃ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ አስረዱ።
3. የተማሪን ስም ከማደብዘዝ በጥቁር ሣጥን መሸፈን ለምን ይሻላል?
4. በስልካችሁ ውስጥ ያሉትን ስክሪንሹቶች አሁኑኑ ተመልከቱ። የሌላ ሰው ስም፣ ውጤት ወይም ሚስጥር የያዘ ስንት አገኛችሁ? ምን አደረጋችሁበት?

አራተኛውን ጥያቄ እኔ ሞክሬው አሥራ አንድ አጥፍቻለሁ። መምህራኖቻችንም ሆናችሁ ጓደኞቼ የምታርሙት ወይም የምትጨምሩት ካለ ከዚህ ወረቀት ግርጌ በእርሳስ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው እትም አካትተዋለሁ።